ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ፊሽካ
በፍጻሜ ጨዋታ ተጎጂው ሜዳ ሲለቅ ጥፋተኛው ለምን ይቀራል?

ኦልድ ትራፎርድን ለእኛ አገር የኳስ አፍቃሪ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ በፍቅር፣ ሌላው ደግሞ በንዴት ያውቀዋል። በዚህ ስታዲየም ግን በዓመት አንድ ጊዜ የጎሎቹ መረብ ተነስቶ ረጃጅም የራግቢ ምሰሶዎች ይተከላሉ። የእንግሊዝ የራግቢ ሱፐር ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ከ1998 ጀምሮ፣ የኮሮናውን 2020 ሳንቆጥር፣ የሚካሄደው እዚሁ ቀያዮቹ ቤት ነው።

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 11 ቀን 2014 ለፍጻሜ የቀረቡት ጎረቤታሞቹ ዊጋንና ሴንት ሄለንስ ነበሩ። የእነዚህ ሁለት ክለቦች ፉክክር ከማንቸስተርና ከሊቨርፑል ፉክክር ቢብስ እንጂ አያንስም። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሳይቀመጥ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ የሴንት ሄለንሱ ላንስ ሆሃያ የዊጋኑን ቤን ፍላወር በክንዱ ነካ አደረገው። ፍላወር በቡጢ መለሰ። ሆሃያ ተዘረረ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ "በንዴት ነው" ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። ፍላወር ግን መሬት ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ራሱን መከላከል ያልቻለውን ሰው ጎንበስ ብሎ ፊቱ ላይ ደገመው!

ዳኛው ፊል ቤንታም ቀይ ካርድ መዘዙ። በሱፐር ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ታሪክ የመጀመሪያው ቀይ ካርድ መሆኑ ነው። ዊጋን ጨዋታውን ከሞላ ጎደል ሙሉውን በ12 ሰው ተጫውቶ 14 ለ 6 ተሸነፈ፤ ፍላወርም ለስድስት ወር ታገደ።

"ታዲያ ፍትህ ተፈጸመ አይደል?" ትሉ ይሆናል። አዎን፣ ይህ ፍትህ በትክክል የሠራበት ቀን ነው። ለዛሬው ጽሁፋችን መነሻ ያደረግነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ቀን በፍጻሜ ጨዋታዎች ላይ ብርቅ ነውና። ልብ በሉ፣ በዚያ ቀን እንኳን ሆሃያ ወደ ሜዳ አልተመለሰም። ቡድኑ ዋንጫውን ሲያነሳ እሱ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ የተጫወተው ነገር አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በ2015 ደግሞ ከጨዋታ ዓለም ተሰናበተ። ፍላወር ቅጣቱን ጨርሶ ተመልሷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሰው መጣል ሥራ የሆነበት ጨዋታ

ራግቢ ሊግን በቅርብ ለማናውቀው ትንሽ እናብራራ። በአንድ ቡድን 13 ተጫዋቾች አሉ። ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው። ኳሷ በእጅ ትያዛለች፣ ወደ ኋላ ብቻ ትቀበላለች፣ ወደ ፊት የምትሄደው ተይዛ በመሮጥ ወይም በእግር ተመትታ ነው። ተከላካዩ ኳስ የያዘውን ሰው ይዞ መጣል አለበት። ስድስት ጊዜ ከተጣሉ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጣል። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሌላውን መቶ ኪሎ በሙሉ ፍጥነት ይገጨዋል፣ እንደ አሜሪካን ፉትቦል የብረት ቆብ የለ፣ የትከሻ ጋሻ የለ።

ስለዚህ በራግቢ ሊግ ግጭት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው መቼ? እና የት? የሚለው ነው። የቱ ጋ ለሚለው መልሱ ከአንገት በታች ነው። መቼ ለሚለው ደግሞ ኳሱ እጁ ላይ እያለ ነው። ኳሱን ካቀበለ ወይም ከመታ በኋላ የሚመጣ ታክል በራግቢ ቋንቋ የዘገየ ምት ይባላል።

የዘገየ ምት አደገኛ የሚሆነው ምቱ ከሌላው ስለሚበረታ አይደለም። ኳስ የያዘ ሰው እንደሚገጭ ያውቃል፣ ሰውነቱን ያጠነክራል፣ አገጩን ይደብቃል። ኳሱን የለቀቀ ሰው ግን ሥራውን ጨርሷል። ጡንቻው ላልቷል፣ አይኑ ኳሱን ይከተላል። ኳሱን በእግሩ የመታ ከሆነማ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው። በዚህች ቅጽበት ከጎን የሚመጣ ትከሻ ያላየው መኪና እንደሚገጨው እግረኛ ነው የሚያደርገው።

ታዲያ ለምን ይደረጋል? አንዳንዱ በእርግጥ የፍጥነት ጉዳይ ነው፤ በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ ሰው ፍሬን የለውም። ሌላው ግን ሒሳብ ነው። የቡድኑ አንጎል የሆነው አቀባይ ሁለት ሦስቴ ኳስ ከለቀቀ በኋላ ከተመታ፣ በአራተኛው ኳሷ እጁ ሳትደርስ አይኑ ተከላካዩን መፈለግ ይጀምራል። ያኔ ቅብብሉ ይበላሻል። ሕጉ ይህን ስለሚያውቅ ኳስ የመታ ተጫዋች ዘግይቶ ከተመታ ቅጣት ምቱ የሚሰጠው ኳሱ ካረፈበት ቦታ ነው። ግብ እያስቆጠረ ያለ ሰው ላይ ጥፋት ከተሠራ ደግሞ በአራት ነጥቡና በተለመደው የሁለት ነጥብ ምት ላይ ምሰሶው ፊት ለፊት ተጨማሪ ምት ይሰጣል፤ በድምሩ ስምንት ነጥብ! ደህና ሕግ ነው። ችግሩ የቡድኑ ኮከብ በቃሬዛ ከወጣ ስምንት ነጥቡም ላይበቃ መቻሉ ነው።

የተሰበረ መንጋጋ ሲሞገስ

የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ ከማንም በላይ የሚያወድሰው ታሪክ በ1970 የተፈጸመው ነው። የሳውዝ ሲድኒ አምበል ጆን ሳትለር ከማንሊ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጆን በክናል በሰነዘረበት ምት መንጋጋው ተሰበረ። ሳትለር ግን አልወጣም። ተጋጣሚዎቹ መጎዳቱን እንዳያውቁ ጓደኞቹ ደግፈው እንዲያቆሙት ጠየቀ፤ ከዚያም ከ70 ደቂቃ በላይ በተሰበረ መንጋጋ ተጫወተ። ሳውዝ ሲድኒ 23 ለ 12 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ይኸው ክለብ ከ1971 በኋላ ዋንጫ ሳያይ ኖሮ በ2014 እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። በመጀመሪያው ግጭት እንግሊዛዊው ሳም በርጀስ ከአገሩ ልጅ ከካንተርበሪው ጄምስ ግሬሃም ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። ይሄኛው ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት አልነበረም። ይሁንና የበርጀስ የጉንጭ አጥንት ተሰበረ። እሱም እንደ ሳትለር 80ውን ደቂቃ ጨረሰ። ቡድኑ 30 ለ 6 አሸነፈ፣ እሱም የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የክላይቭ ቸርችል ሜዳሊያ አጠለቀ። በ2018 ደግሞ የሲድኒ ሮስተርሱ ኩፐር ክሮንክ በግማሽ ፍጻሜው የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ሳለ በሳምንቱ ለፍጻሜ ተሰልፎ ዋንጫ በላ።

እንዲህ ዓይነት ወኔ ያለውን ሰው አለማድነቅ አይቻልም። ነገር ግን እንጠይቅ። የሳትለርን ታሪክ ስንተርክ የምናወራው ስለተሰበረው መንጋጋ እንጂ ስለሰባሪው እጅ አይደለም። ጀግንነቱ ጥፋቱን ሸፈነው። ተጎጂው ተነስቶ ከተጫወተ "ምንም አልሆነም" ይባላል፤ ሳይነሳ ከቀረ ደግሞ "ፍጻሜ ነው፣ የወንድ ጨዋታ ነው" ይባላል። በሁለቱም መንገድ ጥፋተኛው ነፃ ነው።

ሳትለር በማርች 2023 በ80 ዓመቱ ሲያርፍ የመርሳት በሽታ ተጠቂ ነበር። በሽታውን ያ ምት ነው ያመጣው ማለት አይቻልም። ሆኖም የራግቢ ሊግ ሰዎች ዛሬ ስለ ጭንቅላት ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ምክንያት አላቸው። ከካንተርበሪ ጋር በተጫዋችነትም በ2004 በአሰልጣኝነትም ሻምፒዮን የሆነው ስቲቭ ፎክስ በ2018 በ59 ዓመቱ ከሞተ በኋላ አንጎሉ ተመርምሮ ነበር። በ2019 ይፋ የሆነው ውጤት ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚያመጣው ሲቲኢ የተባለው የአንጎል በሽታ እንደነበረበት አሳይቷል።

የቀን መቁጠሪያው ፍርድ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በእነዚህ ውድድሮች ቅጣት የሚለካው በጨዋታ ብዛት ነው። ሁለት ጨዋታ፣ ሦስት ጨዋታ እየተባለ። ግን ጨዋታ ሁሉ እኩል ነው እንዴ?

በ2008 የሜልበርን ስቶርም አምበል ካሜሮን ስሚዝ ከብሪዝበን ጋር በተደረገ የማጣሪያ ፍጻሜ ሳም ታይዴይ ላይ በፈጸመው የአንገት ማነቅ ታክል ሁለት ጨዋታ ተቀጣ። ሁለቱ ጨዋታዎች የትኞቹ ነበሩ? ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው! ሜልበርን ያለ አምበሉ ፍጻሜ ገብቶ በማንሊ 40 ለ 0 ተደቆሰ። በፍጻሜ ታሪክ ከዚያ የሰፋ ሽንፈት የለም። በ2014ም የሳውዝ ሲድኒው አይዛክ ሉክ በግማሽ ፍጻሜው ሶኒ ቢል ዊሊያምስን በአደገኛ ሁኔታ አንስቶ በመጣሉ ተቀጥቶ፣ ክለቡ ከ43 ዓመት በኋላ ዋንጫ ሲያነሳ እሱ ተመልካች ነበር።

በኦገስት 2021 የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የሳውዝ ሲድኒው ላትሬል ሚቸል በሮስተርሱ ጆሴፍ ማኑ ፊት ላይ በትከሻው መጣበት። ማኑ ጉንጩ ተሰብሮ የውድድር ዘመኑ እዚያው አበቃ። ሚቸል ግን በዕለቱ የተሰጠው የአሥር ደቂቃ ቅጣት ብቻ ነበር፤ ቡድኑም 54 ለ 12 አሸነፈ። የሮስተርሱ አሰልጣኝ ትሬንት ሮቢንሰን በዳኝነቱ ላይ በሰጠው አስተያየት 20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ። ቆይቶ ሚቸል የስድስት ጨዋታ ቅጣት ወረደበት፤ የፍጻሜው ዙር በሙሉ አመለጠው። ሳውዝ ሲድኒ ያለ እሱ ፍጻሜ ደርሶ በፔንሪዝ 14 ለ 12 ተሸነፈ። በሁለት ነጥብ! የክለቡ ደጋፊዎች "ላትሬል ቢኖር ኖሮ" እያሉ ዛሬም ይቆጫሉ። የማኑ ጉንጭ ግን በዚያ ቁጭት ውስጥ ስንተኛ ተራ ላይ እንዳለ እነሱው ያውቃሉ።

በ2024ም ተደገመ። የሜልበርኑ ኔልሰን አሶፋ ሶሎሞና ከሮስተርስ ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ በመጀመሪያው ታክል የሊንሴይ ኮሊንስን ጭንቅላት በትከሻው መታ። ታገደ፣ ፍጻሜው አመለጠው፣ ሜልበርንም በፔንሪዝ 14 ለ 6 ተረታ።

እነዚህን ሁሉ ደምሩና አንድ ነገር ታያላችሁ። በግማሽ ፍጻሜ የሚያጠፋ ሰው ፍጻሜውን ያጣል፤ በሕይወት አንዴ የምትገኝ ዕድል ነች። ይህንኑ ጥፋት በሳምንቱ በፍጻሜው ላይ ቢያደርገውስ? ያ ሁሉ እገዳ የሚፈጸመው በቀጣዩ ማርች፣ የውድድር ዘመኑ ሲከፈት በሚደረጉ ተራ ጨዋታዎች ነው። ዋንጫው ግን ቤቱ ተቀምጧል። ማለትም ጥፋት ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጥበት ጨዋታ ቅጣት ዝቅተኛ ዋጋ የሚኖረው ጨዋታ ሆኖ አረፈው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

በዚያ ላይ ፍርድ ቤት ተቀምጠው የሚፈርዱትም ሰዎች ናቸው። በ2018 የሜልበርኑ ቢሊ ስሌተር በግማሽ ፍጻሜው ሶሳያ ፌኪን በትከሻ በመግጨት ተከሶ ቀረበ። ስሌተር ጫማ ሊሰቅል የተቃረበ ኮከብ ነው፤ ፍጻሜው የመጨረሻ ጨዋታው ነው። አገሩ ሁሉ ተከፍሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ነፃ ተባለና ተጫወተ፣ ቡድኑም ተሸነፈ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለባለሙያዎቹ እንተው። ነገር ግን "የመጨረሻ ጨዋታው ነው" የሚለው ክርክር ከጥፋቱ ጋር ምን አገናኘው? የተመታውስ ሰው ስንት ፍጻሜ ቀርቶታል?

ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ

እግር ኳስ ወዳዱ አንባቢ "ይሄ የራግቢ ጣጣ ነው" እንዳይል ትዝታውን እንቀስቅስ። ጁላይ 11 ቀን 2010 ጆሃንስበርግ፣ ሆላንድና ስፔን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ናይጄል ዴ ዮንግ የጫማውን ብሎን ዣቢ አሎንሶ ደረት ላይ ሲተክል ያላየ ማን አለ? ሃዋርድ ዌብ ቢጫ ሰጠ። ኋላ ላይ እሱ ራሱ ቀይ መሆን እንደነበረበት አምኗል፤ በወቅቱ በደንብ አልታየውም። ስፔን በኢኒየስታ ጎል ባታሸንፍ ኖሮ ያ ቢጫ ዛሬም ድረስ ያጨቃጭቀን ነበር።

ሜይ 26 ቀን 2018 ኪየቭ፣ ሪያል ማድሪድና ሊቨርፑል። ሰርጂዮ ራሞስና መሐመድ ሳላህ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ወደቁ። ሳላህ ትከሻውን ይዞ፣ እያለቀሰ በግማሽ ሰዓት ገደማ ወጣ። ራሞስ መጀመሪያ ክንዴን የያዘው እሱ ነው ብሎ ተከራክሯል። ይሁን። ግን ጥፋት እንኳን አልተነፋም፣ ማድሪድ 3 ለ 1 አሸንፎ ራሞስ ዋንጫውን ከፍ አደረገ። ሳላህ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ግብጽ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታዋ በኡራጓይ ስትሸነፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። በዚያው ምሽት ከራሞስ ጋር የተጋጨው በረኛው ካሪየስ፣ ኋላ በአሜሪካ ሆስፒታል ሲመረመር ጭንቅላቱ መናወጥ ደርሶበት እንደነበር ተነግሯል። ዓለም ሁሉ የሳቀበት ሰው በሽተኛ ነበር ማለት ነው።

በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜስ? ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር ከጋራይ ጋር ተጋጭቶ ጭንቅላቱ ከተመታ በኋላ ለ14 ደቂቃ ያህል ተጫውቷል። ይህ ጨዋታ ፍጻሜው ነው ወይ ብሎ ዳኛውን ሪዞሊን ጠይቆታል! ሪዞሊ ለጀርመኖቹ ነግሮ ነው የወጣው። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እየተጫወተ መሆኑን የማያውቅ ሰው ሜዳ ላይ ነበር።

ራግቢ ሊግ ምን አደረገ?

አውስትራሊያውያኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በትከሻ ብቻ መግጨትን ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከልክለዋል። በሜይ 2021 የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ፒተር ቭላንዲስ ጭንቅላት ላይ ለሚደረግ ጥፋት ምሕረት እንዳይኖር አዘዙ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀይ ካርዱና የአሥር ደቂቃ ቅጣቱ ዘነበ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ወጥቶ በሐኪም ለ15 ደቂቃ ይመረመራል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ 18ኛ ሰው የሚባል ተጠባባቂ አለ። ተጫዋችህ በጥፋት ተጎድቶ መመለስ ካልቻለና ጥፋተኛው ከሜዳ ከተባረረ ወይም አሥር ደቂቃ ከተቀጣ፣ ይህን ሰው ታስገባለህ። አያችሁ? ለተበደለው ቡድን፣ በተበደለበት ቀን፣ ሰው ይተካለታል።

የተቃወመ አልጠፋም። በሴፕቴምበር 2022 ሳውዝ ሲድኒና ሮስተርስ በፍጻሜ ዙር ሲገናኙ ሰባት ጊዜ የአሥር ደቂቃ ቅጣት ተሰጠ። "ጨዋታው ለሰለሰ፣ ፊሽካ በዛ" ተባለ። እውነት ነው፣ ውበቱን ያደበዝዛል። ግን ፊሽካውን ያበዛው ዳኛው ነው ወይስ አጥፊው?

የቀረ ክፍተትም አለ። ከ2023 ጀምሮ ጭንቅላቱ የተናወጠ ተጫዋች በመርህ ደረጃ 11 ቀን ማረፍ አለበት። ለአንጎል ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ከግማሽ ፍጻሜ እስከ ፍጻሜ ያለው ጊዜ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በግማሽ ፍጻሜው በጥፋት የተመታ ሰው ቡድኑ ቢያልፍ እንኳን ፍጻሜውን አይጫወትም። ተጎጂው ምንም ሳያጠፋ ከጥፋተኛው እኩል ተቀጣ ማለት ነው። መፍትሔው ሕጉን ማላላት አይደለም። ሁለቱን ጨዋታዎች በሁለት ሳምንት ማራራቅ አንድ አማራጭ ነው፤ የቴሌቪዥን ገንዘቡ ከፈቀደ!

እግር ኳስስ? ከጁላይ 2024 ጀምሮ ውድድሮች ጭንቅላቱ ለተናወጠ ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ በሕጉ ውስጥ ገብቷል። ጥሩ ጅማሮ ነው። በጥፋት እግሩ ወይም ትከሻው ለተጎዳው ግን እስካሁን ምንም የለም። ቡድኑ ከራሱ ቅያሪ ላይ ቀንሶ ይተካል፤ አጥፊው ቢጫ አይቶ ይቀጥላል። ዛሬ ቫር አለ፣ ካሜራው ሃያ ቦታ ተተክሏል። ለሚሊሜትር ኦፍሳይድ አምስት ደቂቃ የሚቆም ጨዋታ ሰው ለሰበረ ታክል ሁለት ደቂቃ ቢቆም ምን ይጎድልበታል? ጥፋቱ ከተረጋገጠ ተጎጂው ቡድን ተጨማሪ ቅያሪ ይሰጠው። አጥፊውም ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ዳር ወጥቶ ይቁም።

የጨዋታ ስሜት ነው፣ ፍጻሜ ነው የሚለው ምክንያት አያዋጣም። ፍጻሜ የሚባለውን ጨዋታ ልዩ የሚያደርገው ሁለቱም ቡድኖች ምርጥ ሰዎቻቸውን ይዘው መፋለማቸው ነው። ተመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ፣ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ተጨናንቆ የሚቀመጠው ሳላህን ሊያይ እንጂ ሳላህ ሲያለቅስ ሊያይ አይደለም። እገዳ በሚቀጥለው ዓመት የሚቆጠር ከሆነ የዛሬውን ዋንጫ አይመልስም። ፊሽካው መጮህ ያለበት ጅቡ ሳይሄድ ነው።